በሎዋር ወንዝ ክትር ላይ በብስክሌት

የፈረንሳይን አገር ከሚያጠጡት ወንዞች ሁሉ ረዥሙ ሎዋር ነው። ከአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ ዤርቢየ ደ ዦን ከሚባለው ተራራ ሥር ይመነጫል፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ኦርሌአን ከተማ ሲደርስ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘም በኋላ በሳን ናዜር አጠገብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በግራና በቀኙ የተሠሩት የነገሥታት አዳራሾች በዓለም የታወቁ ስለሆኑ የሎዋር ስም በተነሣ ቁጥር ሰው የሚያስበው ቤተ መንግሥቶቹን ነው። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናጫውታቸው የፈለግነው ከቤተ መንግሥቶቹ ይልቅ ስለ መንገዱ፣ ይኸውም ከወንዙ ጎን ለጎን ስለሚሄደውና በብስክሌት ስለ ተጓዝንበት የጠጠር መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

መንገዱ ላ ሎዋር አ ቬሎ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሎዋር በብስክሌት» ማለት ነው። ከኔቬር ከተማ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ውቅያኖሱ ጠረፍ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እርሱም ራሱ ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር አውሮጳን የሚያቋርጠው የስድስተኛው የብስክሌት ጎዳና ክፍል ነው። እኛ ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በሴፕቴምበር ወር ከኦርሌአን እስከ ሶሚር ያለውን ክፍል፣ ወጣ ገባ ያልንበትን ጨምሮ፣ በስድስት ቀን ተጓዝነው። ይህ የሸለቆው ክፍል ከሲዩሊ እስከ ሻሎን ድረስ በ2000 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የያዝናቸው ብስክሌቶች ለእሽቅድምድም የተሠሩትን ይመስላሉ፤ መሪያቸው ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማቸው ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥርስም አለው። ፈረንሳዮች ይህን ዐይነት ብስክሌት ከእንግሊዝኛ በተዋሱት ቃል «ግራቬል» ይሉታል፤ ጠጠር ማለት ነው። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን እንዲጠቅም ይህን እናስታውስ፤ አስፋልት ያልለበሰውን፣ ጠጠር ፈስሶበት የተደለደለውን መንገድ አማርኛ ተናጋሪው በተለምዶ ፒስታ ይለዋል። ቃሉ እንደ ብዙዎቹ የመኪናና የመንገድ ቃላት ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ብስክሌትን ብሽክለታ እያልን ላደግነው ለትግርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለው ውርስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ምልክት የተደረገበት ዋናው ጎዳና አብዛኛው አስፋልት ወይም ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ ስለሆነ ማናቸውም ብስክሌት ይበቃዋል። ነገር ግን ጥቂት ወጣ ሲሉ የቀድሞ ጀልባ ጎታቾች ይሄዱበት የነበረው የወንዝ ዳር መንገድ፣ በወይን እርሻ መካከል ያለው መተላለፊያና የደን ውስጥ ጥርጊያ ይገኛል፤ ይህ ሁሉ ፒስታ ነው። በፒስታ ላይ የሚሄድ ሰው መፍጠን አይችልም፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንሸራተታል፤ ዐይኑም መሬት መሬት ያያል። እኛም ከአስፋልቱ ላይ ብንሆን ኖሮ ሳናያቸው የምናልፋቸውን ብዙ ነገሮች ያየነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተማርነው ስለ ነፋስ ነው። ሎዋር ከኦርሌአን በኋላ ወደ ምዕራብ ሲፈስ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከውቅያኖስ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ስለዚህ ከወንዙ ጋር ቁልቁል የሚወርደው ብስክሌተኛ መንገዱ ሜዳ ነው ብሎ ሲደሰት ነፋሱ ደረቱን ይዞ ይገፋዋል። ከእኛ መካከል አንዱ፣ «ወንዙ ይጠራናል፣ ነፋሱ ይመልሰናል» ሲል ቀለደ። ብስክሌተኛውን የሚያደክመው ይህ ነገር ግን የወንዙን ዳር ከተሞች ሁሉ ያበለጸገ ነው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ አራት ማዕዘን ሸራ ያላቸው የእንጨት ጀልባዎች ቁልቁል ሲወርዱ በወንዙ ኀይል፣ ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ በምዕራቡ ነፋስ ይሄዱ ነበር። ነፋስ በጠፋ ጊዜ ሰው በገመድ ይጎትታቸው ነበር። ከድልድይ ሲደርሱም ምሰሶውን አጋድመው ያልፉ ነበር።

በኦርሌአን ብዙ ሰው የሚጎበኘው በ1429 ዓ. ም. ከተማዋን ከእንግሊዞች ከበባ ነጻ ያወጣችውን የዣን ዳርክን መታሰቢያ ነው። ይህ የሚገባት ክብር ነው። ከወንዙ ዳር ባለው የድንጋይ ወደብ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ታሪክ ይታወሳል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከተማዋ በስኳር ማጣሪያዎቿ የታወቀች ነበረች፤ ጥሬው ስኳር በካሪብ ደሴቶች በባርነት በተያዙ አፍሪቃውያን ጉልበት ተመርቶ፣ የባሪያ ንግድ ወደብ በነበረችው በናንት በኩል በእነዚሁ ጀልባዎች ይመጣ ነበር። የተዋቡትን የነጋዴ ቤቶች ፊት ስናይ ይህን አለማሰብ አልተቻለንም። የባቡር ሐዲድ በ1846 ዓ. ም. ከኦርሌአን ቱር፣ በ1851 ዓ. ም. ደግሞ ናንት ሲደርስ የጀልባው ንግድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ወደቡ ባዶ ሆነ፤ የጎታቾቹም መንገድ ለዓሣ አጥማጆችና ለእረኞች ቀረ። ዛሬ ደግሞ ለብስክሌተኞች ሆኗል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፍነው በቦዣንሲ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከ20 በላይ ቅስቶች ያሉት የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ድልድይ አላት። በ1152 ዓ. ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሰባተኛው ሉዊና የአኪቴን ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር ጋብቻቸው የፈረሰው እዚህ በተሰበሰበ የጳጳሳት ጉባኤ ነው። እርስዋም ብዙ ሳትቆይ ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች፤ እርሱም በ1154 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። ስለዚህ ከፈረንሳይ መሬት ብዙው ክፍል በዚህች ትንሽ ከተማ ውሳኔ ወደ ሌላ እጅ አለፈ ማለት ይቻላል። እኛ ይህን ያነሣነው ግን ስለ ጋብቻው አይደለም፤ ሄንሪ ስለ ሠራው ክትር ለመናገር ነው።

ግድብና ክትር አንድ አይደሉም። ግድብ ወንዙን አቋርጦ ያቆመዋል፤ ክትር ግን ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ውሃው ወደ እርሻና ወደ ቤት እንዳይገባ ይከለክለዋል። ሎዋር በበጋ አሸዋው የሚታይ፣ በእግር የሚሻገሩት የሚመስል ወንዝ ነው፤ በተቈጣ ጊዜ ግን አገር ያጠፋል። ሄንሪ በ12ኛው መቶ ዓመት ከሶሚር በታች ባለው በአንዡ ምድር ክትር እንዲሠራ አዘዘ፤ በክትሩ ላይ ሰፍረው ለሚጠብቁትና ለሚጠግኑትም ሰዎች ከጦር ዘመቻ ነጻ የሚያወጣ ደብዳቤ ሰጣቸው። የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን ይህ ዘዴ ደስ አሰኝቶናል፤ ንጉሡ ደመወዝ ሳይከፍል ጠባቂ አገኘ፤ ጠባቂውም የሚጠብቀው የገዛ ቤቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ የነገሡት ሁሉ ክትሩን እያስረዘሙ፣ ከፍታውንም በ18ኛው መቶ ዓመት እስከ 7 ሜትር ያህል እያደረሱ ሄዱ። ብስክሌተኛው የሚሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ የዚሁ ክትር ራስ ነው። በአንድ ወገን ወንዙ፣ የአሸዋ ደሴቶችና አኻያ ዛፎች ይታያሉ፤ በሌላው ወገን የቤት ጣሪያ ከእግር በታች ሆኖ ይታያል። የዚህ ትርጉም ለእኛ የገባን ጥቂት ሰዓት ከተጓዝን በኋላ ነው፤ ውሃው እስከ ክትሩ ጫፍ ቢሞላ እነዚያ ቤቶች በሙሉ ከውሃው በታች ናቸው።

ይህም ደርሷል። በ1846፣ በ1856 እና በ1866 ዓ. ም. በየአሥር ዓመቱ ሦስት ጊዜ ታላቅ ጎርፍ መጣ። በ1856 ዓ. ም. ክትሩ ከመቶ በላይ በሆነ ስፍራ ተቀደደ፤ በሎዋርና በሼር ወንዞች መካከል ያለችው የቱር ከተማም በውሃ ተጥለቀለቀች። በየመንደሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በድልድይ እግር ላይ፣ ውሃው የደረሰበት ልክ ከዓመቱ ጋር በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። እኛም እየወረድን መለካት ልማድ አደረግነው፤ አንዳንዱ ከጉልበታችን፣ አንዳንዱ ከትከሻችን፣ አንዳንዱም እጃችንን ዘርግተን ከማንደርስበት ነበር።

ከዚያ ጥፋት በኋላ የመንግሥት መሐንዲሶች አንድ አሳብ አቀረቡ። ክትሩን እያስረዘሙ ወንዙን ማጥበብ ጎርፉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ክትሩ በአንዳንድ ስፍራ ሆን ተብሎ ዝቅ ይበልና ውሃው በልክ ወደ እርሻ ይፍሰስ፣ ከተሞቹም ይዳኑ አሉ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እርሻው የማን ነው? ውሃ እንዲገባበት የተመረጠው መንደር ገበሬ ስለ ከተማው ሰው ደኅንነት መከሩን እንዲያጣ ተጠየቀ፤ በብዙ ስፍራም ተቃወመ። ከታሰቡት ማፋሰሻዎች የተሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ከቦዣንሲ እስከ ብሉዋ ባለው ጉዞ በግራው ዳር የሳን ሎራን የኑክሌር ኀይል ማመንጫ ይገኛል። በሎዋር ዳር እንዲህ ያሉ አራት ጣቢያዎች አሉ፤ ለማቀዝቀዣ የሚሆናቸውን ውሃ ከወንዙ ይወስዳሉ። የቱሪስት መጽሐፍ ሥዕላቸውን አያወጣም፤ እኛ ግን የአገሩ እውነት ስለሆነ አለፍነው አንልም። ቀጥሎ ያለችው ሳን ዲዬ የሻምቦር ቤተ መንግሥት ድንጋይ ከጀልባ ይወርድባት የነበረች መንደር ናት። ከእርስዋ ወደ ሻምቦር የሚወስደው የደን መንገድ ለፒስታ ብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል። ስለ ሻምቦር ብዙ አንጽፍም። ቀዳማዊ ፍራንስዋ በ1519 ዓ. ም. አስጀመረው፤ የግቢው አጥር ብቻ 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከሉ ያለው ደረጃ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ የማይገናኙበት ጥምዝ ሥራ፣ በእውነት ያስደንቃል። ሆኖም ንጉሡ በዘመኑ ሁሉ የተቀመጠበት ጥቂት ሳምንት ብቻ መሆኑን ስንሰማ፣ ከጭስ ማውጫዎቹ ብዛት ይልቅ የድንጋይ ተሸካሚዎቹ ድካም ታወሰን።

ወደ ብሉዋ ሲቀርቡ፣ ከከተማው ማዶ በግራው ዳር፣ ላ ቡዪ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። ሣር፣ የአትክልት ስፍራና አልፎ አልፎ የፍሬ ዛፍ ይታይበታል። የማያውቅ ሰው ሳይቆም ያልፈዋል። ይህ ስፍራ ግን ብሉዋን ለማዳን ከጥንት ጀምሮ ዝቅ ተደርጎ የተሠራው የክትር ማፋሰሻ ውሃ የሚወርድበት ነው። ጎርፍ ሳይመጣ ብዙ ዘመን ስላለፈ ሰው ስጋቱን ረሳ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት በውሃው መንገድ ላይ ቤት ሠርቶ መንደር ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሥልጣኖቹ ቁርጥ ውሳኔ አደረጉ፤ ቤቶቹን አንድ በአንድ ከባለቤቶቻቸው እየገዙ አፈረሱ። ከመቶ በላይ ቤቶች ናቸው።

በዚያ መስክ ውሻ ይዞ ይመላለስ የነበረ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታችንን ለማየት ቆመ። ሰላምታ ሰጥተን ስለ ስፍራው ብንጠይቀው በዱላው አንድ የፍሬ ዛፍ አሳየንና፣ «እዚያ የማውቀው ሰው ማድ ቤት ነበረ፤ ዛፉን እርሱ ተከለው» አለን። ዋጋውን በሚገባ ከፍለዋችኋል ወይ ስንለው፣ ለእርሱ ሳይሆን ለጎረቤቶቹ መከፈሉን፣ ዋጋውም እንዳልከፋ ነገረን። ከዚያም ቆይቶ፣ «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃ ገብቶባቸው አላየሁም» አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ዱላውን እያወዛወዘ ሄደ።

በዚያ ማታ በመካከላችን ረዥም ክርክር ሆነ። አንደኛው ባልደረባችን መንግሥት ያልመጣ ጎርፍ ፈርቶ ሰውን ከቤቱ ማስነሣት አይገባውም አለ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጎርፉ ከመጣ በኋላ የሚሰጥ ዳረጎት ከሚባክን አስቀድሞ የሚከፈል ዋጋ ይሻላል ሲል መለሰ። በእኛ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነው፤ በግድግዳ ላይ ያየናቸው የውሃ ልኮች ይህን ያስገድዳሉ። የሽማግሌውም ቃል ግን እውነት ነው፤ የሚያየው ትውልድ የማይጠቀምበትን ሥራ ለሕዝብ ማስረዳት ከአስተዳደር ሥራ ሁሉ የከበደው ነው። ሦስተኛው ሄንሪ በ1588 ዓ. ም. የጊዝን መስፍን ያስገደለበትን የብሉዋን ቤተ መንግሥት በማግስቱ ስንጎበኝ እንኳ ልባችን በመስኩ ላይ ነበር።

በአምቧዝ ስምንተኛው ሻርል በ1498 ዓ. ም. ራሱን ከበር መቃን ጋር አጋጭቶ የሞተበትን ቤተ መንግሥት አየን። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈበትና በ1519 ዓ. ም. ያረፈበት ቤትም እዚያው ቅርብ ነው። ሌዎናርዶ ለንጉሡ በሮሞራንታን ከተማ ቤተ መንግሥትና የውሃ ቦይ ነድፎ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ።

ከአምቧዝ እስከ ቱር ያለው አገር የወይን እርሻ ነው። ፓሪ ቱር የሚባለው፣ በ1896 ዓ. ም. የተጀመረው የብስክሌት ውድድር ከ2018 ዓ. ም. ወዲህ በእነዚሁ የወይን እርሻ ፒስታዎች ያልፋል፤ ነጩ ጠጠር ጎማ እየሰነጠቀ ብዙ ተወዳዳሪ ያስቀራል። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የቱር ከተማ ስም በጥንት ከነበረው የቱሮን ነገድ የመጣ ነው እንጂ ዙር ማለት ከሆነው ከቱር ደ ፍራንስ ጋር አይገናኝም። አንድ የወይን ገበሬ ግን ከየት እንደ መጣን ሲጠይቅና አስመራ የሚለውን ስም ሲሰማ ወዲያው «ቢንያም!» አለ። በ2015 ዓ. ም. ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ወጪዎችን ነጠብጣብ ማሊያ ከአፍሪቃውያን ሁሉ ቀድሞ ለብሶ ነበር፤ በ2024 ዓ. ም. ደግሞ ቢንያም ግርማይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ እስከ መጨረሻው ያዘ። ገበሬው ይህን ሁሉ ከእኛ አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ወይን ዘለላም ጨመረልን።

በቱር የቅዱስ ማርቲኖስ መቃብር አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ካባውን በሰይፍ ከፍሎ ለለማኝ የሰጠውን የወታደር ታሪክ ተምረን ነበር። የካባው ስም በላቲን ካፓ ስለሆነ፣ ቅዳጁ የተቀመጠበት ቤት ካፔላ ተባለ፤ ፈረንጆች ትንሽ ቤተ ጸሎትን የሚጠሩበት ስም ከዚህ ወጣ። እርሱ ያረፈው በ397 ዓ. ም. ከቱር በታች፣ የቪየን ወንዝ ከሎዋር በሚቀላቀልባት በካንድ መንደር ነው። የቱር ሰዎች አስከሬኑን በሌሊት በመስኮት አውጥተው በጀልባ ሽቅብ ወሰዱት ይባላል።

ካንድ ከመንገዱ ሁሉ ያማረች ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ሲታይ የሁለቱ ወንዞች ውሃ ከተገናኘ በኋላም ለጥቂት ርቀት ቀለሙ ተለይቶ ይሄዳል። በ1986 ዓ. ም. ሎዋርን በአዳዲስ ግድቦች ለመግራት ታቅዶ ነበር። በላይኛው ሸለቆ፣ ሴር ደ ላ ፋር በሚባለው ስፍራ፣ ተቃዋሚዎች ከ1989 ዓ. ም. ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ሰፍረው ሥራውን ከለከሉ፤ በ1994 ዓ. ም. መንግሥት ዕቅዱን ለወጠ። ይባስ ብሎ በ1998 ዓ. ም. በቪየን ላይ የነበረው የሜዞን ሩዥ ግድብ መፍረስ ጀመረ፤ ከባሕር የሚመጡት ዓሦች መንገዳቸውን መልሰው አገኙ። ግድብ መሥራት የዕድገት ምልክት ነው ተብለን ለተማርን ሰዎች ግድብ ማፍረስም በመንግሥት ወጪ የሚሠራ ሥራ መሆኑ አዲስ ነገር ነበር።

ከካንድ ጥቂት ርቆ ያለው የፎንትቭሮ ገዳም በ1101 ዓ. ም. ተመሠረተ። ያ የክትሩ ንጉሥ ሄንሪና ኤሌኖር፣ ልጃቸውም ሪቻርድ፣ የድንጋይ ምስላቸው በዚያ ተጋድሟል፤ ኤሌኖር መጽሐፍ እያነበበች ናት። ገዳሙ ከ1804 እስከ 1963 ዓ. ም. እስር ቤት ነበር። ሶሚር ደግሞ ከነጭ ለስላሳ ድንጋይ የታነጸች ናት፤ ድንጋዩ ከገደሉ ተፈልፍሎ ሲወጣ የቀረው ዋሻ ለመኖሪያ፣ ለወይን ጠጅ ማስቀመጫና ለእንጉዳይ ማብቀያ ሆኗል። በሰኔ 1940 ዓ. ም. የፈረሰኛ ትምህርት ቤቱ ዕጩ መኮንኖች በድልድዮቹ ላይ የጀርመንን ጦር ለጥቂት ቀን ተከላክለዋል።

ለመሄድ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ጥቂት ነገር እንጨምር። ከጸደይ እስከ በጋ አጋማሽ በአሸዋ ደሴቶቹ ላይ ወፎች እንቁላል ስለሚጥሉ መውጣት ክልክል ነው፤ በወንዙ መዋኘትም አሸዋው ስለሚከዳ ያስፈራል። አክዬይ ቬሎ የሚል ምልክት ያለበት ማረፊያ ከመንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ስፍራና መጠገኛ መሣሪያ አለው። ነፋሱን የሚፈራ ሰው ከሶሚር ተነሥቶ ወደ ኦርሌአን ሽቅብ ይሂድ፤ ጀልባዎቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኛ ስንመለስ ብስክሌቶቻችንን በክልሉ ባቡር ላይ ጫንን፤ ስድስት ቀን የወረድነውንም አገር በአንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮት እያየን ተመለስን።